ጥላው የኔ ነው

ለተወደድከው ወንድሜ ለአቡሽ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ በጤና በኩል ደህና ነን፤ እማዬም ጉልበቷ ቢደክምም ምግብ አልቀነሰችም። እኔ ግን አንጀቴ እርር ብሏል፤ ሆዴ ውስጥ ይዤው ከምብሰለሰል ልጻፍልህ ብዬ ነው።

ያን ያሸለመህን የእማዬን ሥዕል ጋዜጣ ላይ አየሁት። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ትስቃለች። እኔ አንስቼ፣ ናፍቆትህን ያስታግስልሃል ብዬ የላክሁልህ ፎቶ እኮ ነው። ግድግዳውን ሰማያዊ ከማድረግ በቀር ምን ለወጥክ? ስደውልልህ ደግሞ «ፎቶው መነሻ ብቻ ነው፤ ሕጉም ይፈቅዳል» ብለህ አፌን አስዘጋኸኝ።

ፎቶ ቤቴ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ጠበቃ ጠየቅሁ። ፎቶዬንና ጋዜጣው ላይ ያለውን ሥዕል ጎን ለጎን አይቶ፣ ከፎቶ መሣል ሁልጊዜ እንደማይከለከል፣ አዲስ ሥራ ሆኗል አልሆነም የሚለው ግን እንደሚያከራክር ነገረኝ። «ለማንኛውም የፎቶው መብት ያንቺ ነው፤ ማስፈቀድ ነበረበት። ትከሺዋለሽ?» አለኝ። ወንድም ይከሰሳል? ጉርዱን አንስቼ ሸኘሁት።

የባሰው እዚህ ያለው ነው። ፎቶው የፎቶ ቤቴ መስኮት ላይ ከተሰቀለ ስንት ዘመኑ! አሁን አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ «የወንድምሽን ሥዕል አሳምረሽ ነው ያነሳሽው» ይለኛል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋማ «አስፈቅደሽው ነው?» ብላኝ አረፈች።

ጋዜጣው እማዬ ጭን ላይ ያረፈውን ጥላ «የሠዓሊው ናፍቆት» ብሎታል። አቡሽ፣ ያ ጥላ የኔ ነው። ፀሐይዋ ከኋላዬ ነበረች፤ ጭኗ ላይ የወደቀው ጭንቅላቴና ካሜራ የያዘው ክንዴ ነው። የሳቀችውም ለኔ ነው፤ «ቁንጅናሽ አልጠፋ አለ፣ ልዳርሽ እንዴ?» ብያት። አንተ እዚያ አልነበርክም። ገንዘብህን አልፈልግም። ከሥዕሉ ሥር ስሜን አስጽፍልኝ፤ እሱ ከከበደህ ጥላዬን አጥፋልኝ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ትልቋን ልጅህን ግንባሯን፣ ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬም ሰላም ብላሃለች። ጋዜጣውን ካሳየኋት ወዲህ ለመጣው ሰው ሁሉ «ልጄ መጥቶ ሣለኝ» ትላለች። ፀሐይ ላይ ብዙ ስላስቀመጥካት ትንሽ ተቀይማሃለች፤ ግን መጥተህ ስላየሃት ይቅር ብላሃለች። እኔም «አቡሽ እኮ አልመጣም» ብዬ አላረምኳትም።

ታላቅ እህትህ
ከእማዬ ደጃፍ፣ ጥቅምት 14 ቀን