ዋጪ እስክላት

ጥቅምት 4

ድንች በካሮት ፈጨሁላት። ግማሹ ደረቷ ላይ፣ ትንሹ ቀሚሴ ላይ፣ የቀረው ሆዷ ውስጥ። እንግዲህ ጥሩ ቀን ነው። ውኃው ግን ትን አላት። ጀርባዋን እየመታሁ ውኃውን ሰደብኩት፤ ሳቀች። ስትስቅ እንደገና ትን አላት... ይህን አፌን ምን ይሻለዋል?

ድንቢጥ እንዳልኳት ድንቢጥ ሆና ቀረች፤ በስሟ የምትጠራት አስተማሪዋ ብቻ ናት። እናቷ በወለደቻት ሰሞን ስታርፍ፣ ወንድሜ በፎጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። «እትዬ፣ ጡጦ አልጠባ አለችኝ» ብሎ። ይኸው ሰባት ዓመቷ። አሁንም ከእኔ እጅ በቀር አትበላም።

ነገ ጥርስ የምታስተካክል ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለን። የታመመው መዋጧ፣ የሚታየው ጥርሷ! እንጃ።

ጥቅምት 5

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። አፍሽን ክፈቺ ከማለቷ በፊት የራሷን ከፍታ አሳየቻት። ወደድኳት።

ድንቢጥ ስትውጥ ምላሷ ሽቅብ መውጣት ሲገባው ወደ ፊት ይገፋል አለች። የፊት ጥርሶቿ ያልገጠሙት፣ ምግቡም ተመልሶ የሚወጣው፣ ሲብስም ወደ ሳንባዋ የሚሄደው ለዚያ ነው። ላንቃዋ ላይ የሚጠለቅ ፕላስቲክ ይሠራላታል፤ የምትሽከረከር ዶቃ አለችበት። ምላሷ ዶቃዋን ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል፣ እዚያው መዋጥ ይለምዳል።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ለሁሉም ልጅ አይሆንም፤ ለሷ ግን እንሞክር። ትዕግሥት ይፈልጋል።»

ትዕግሥት እንኳ አለን... ሌላ ምን አለንና?

የወገብ ልክ፣ የትከሻ ልክ ስወስድ ኖሬ፣ የላንቃ ልክ ሲወሰድ ዛሬ አየሁ። ያ ሊጥ የመሰለ ነገር አፏ ውስጥ እስኪጠነክር አውራ ጣቴን ጨብጣ አለቀሰች። እኔም።

ጥቅምት 22

ፕላስቲኩ ደረሰ። ተፋችው። አጥቤ አጠለቅኩላት፤ ተፋችው። አንዴ የደንበኛ ኮት ኪስ ውስጥ አገኘሁት። እግዜር ሲያወጣኝ ኮቱን ሳልሰጥ!

ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ ስፌቱን ሳቆም፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ። ዶቃዋን እያሽከረከረች ነው።

አብሬያት ልለማመድ ብዬ እንዴት እንደምውጥ ሳስብ መዋጥ ጠፋኝ። ሻዩን አፌ ውስጥ ይዤ ቀረሁ። ለካ ይህን ያህል ከባድ ነው? ስንት ጊዜ «ቶሎ በይ» ብያታለሁ...

ኅዳር 6

«ምላስ ወደ ላይ... ወደ ላይ... ዋጪ!» ዋጠች። ሳል የለ፣ ትንታ የለ። ደግሞ አንድ ማንኪያ። «ዋጪ!» ዋጠች።

ጩኸቴን ሰምታ ጎረቤቴ በሩን ደበደበች።

«ምን ሆናችሁ?»

«ዋጠች!»

«እኔን! ምን ዋጠች? ቁልፍ?»

«ድንች!»

አብዳለች ብላ ሄደች። ትበል።

ኅዳር 13

ወንድሜ ደወለ። «እትዬ፣ ዋጠች ያልሽው እውነት ነው?» አንድ ጊዜ ሊያበላት ሲሞክር እጁ ላይ ፊቷ ጠቁሮ ትንፋሽ አጥታበታለች፤ ከዚያ ወዲህ ማንኪያዋን ነክቶ አያውቅም። አልፈርድበትም።

«እንደ ሰው ማዕድ ቀርባ ከበላች እወስዳታለሁ። አባቷ እኮ ነኝ።»

ነህ። ማን አይደለህም አለ?

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ታኅሣሥ 3

ሐኪሟ ሳበላት አየች። «እርስዎ ዋጪ ካላሏት አትውጥም እኮ» አለችኝ። «ቃሉን ይተዉት። ዝም ይበሉና ራሷ ታግኘው።» እሺ አልኩ።

ቤት ገባን። ዝም አልኩ። ጉንጯን ሞልታ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ቆየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ዋጪ በቃ፣ የኔ ልጅ!»

ለምን አላስቻለኝም? አሳዘነችኝ? ወይስ ያለ እኔ እንዳትችል... ተይ እንጂ።

ጥር 11

ጠዋት ፕላስቲኩን አላጠለቅኩላትም። ረሳሁ? አልረሳሁም።

ራሷ ከብርጭቆው አውጥታ አጠለቀችው። «አክስቴ ረሳሽ! አረጀሽ!» ብላ ሳቀችብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የካቲት 9

ክር ልቆርጥ መቀስ ስፈልግ፣ ከእጄ ነጥቃ በፊት ጥርሷ ቀነጠበችው። በፊት ጥርሷ! ገጥሞላታል። አገላብጬ ሳምኳት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

የካቲት 20

«አክስቴ፣ አባዬ ጋ ስሄድ አንቺን ማን ያበላሻል?»

«እኔማ ጥርስ አለኝ።»

«እኔም አለኝ እኮ።»

አላት እኮ።

የካቲት 27

ወንድሜና ኋላ ያገባት ሚስቱ መጡ። ማዕድ ቀረብን። ድንቢጥ ያልተፈጨ ድንች በሹካ እየቆረሰች በላች፤ እኔ አጠገቧ በሹክሹክታ ዋጪ፣ ዋጪ... ወንድሜ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

ሚስቱ እንዴት እንደማስቀምጣት፣ ውኃ በምን እንደምትጠጣ፣ ፕላስቲኩ እንዴት እንደሚታጠብ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ደግ ሴት ናት። የምጠላባት ነገር ብፈልግ አጣሁ።

ይዘዋት ሄዱ። ከመኪናው መስኮት እጇን ስታውለበልብ አፏ ገጥሞ ነበር።

የካቲት 28

ድንች ፈጨሁ... ለማን?

መጋቢት 2

ሚስቱ ደወለች። «እትዬ፣ አፏ ውስጥ ይዛ ቁጭ ብላለች። ብንላት ብንሠራት አልውጥ አለች።»

«ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊላት... ዋጪ፣ የኔ ድንቢጥ።»

ዋጠች።

መጋቢት 7

በቁርስም፣ በምሳም፣ በራትም ይደውላሉ። «ዋጪ» እላለሁ፤ ትውጣለች። የሰው ሱሪ ሳልጨርስ ስልክ ስጠብቅ እውላለሁ። ደስ ብሎኛል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኛል።

መጋቢት 12

ትናንት መስመር ጠፍቶ ምሳዋንም ራቷንም ተፋች። ከስታለች አሉ። ወንድሜ እንደገና ማንኪያ ፈርቷል።

ሐኪሟ ጋ ሮጥኩ። «መክሳቷ ከቀጠለ ምግቡን በሆዷ በቱቦ ማስገባት ይመጣል» አለችኝ።

«ታዲያ ልሂድና ላብላት?»

«አይሂዱ። ምላሷ ሥራውን ያውቃል፤ እኛው አየነው። የምትጠብቀው እርስዎን ነው። ዝም ይበሉ።»

«ሌላ መድኃኒት የለውም?»

«የለውም» አለች፤ እጄን ይዛ።

መጋቢት 13

ምሳ ላይ ደወሉ። በስልኩ ትንፋሿ ይሰማል። አፏ ሙሉ ነው። እኔ ዝም።

ቆየ። ዶቃዋ ቀጭ አለች፣ ቆመች። «እም... እም...» አለች። አፏ ሞልቶ መናገር አልቻለችም፤ እየጠራችኝ ነው። አጠገቤ የነበረውን ቁራጭ ጨርቅ አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩ። ልቤ ዋጪ ዋጪ ይላል። ማልቀስ ጀመረች። ልቤ ስልኩን ወርውረሽ ሂጂ አለኝ። አልሄድኩም።

ደግሞ ቀጭ። ከዚያ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

«አክስቴ፣ ለምን ዝም አልሽኝ?»

አፏ ባዶ ነበር።

ጨርቁን ከአፌ አወጣሁ። ሚስቱ ስልኩን ስትቀበላት፣ እሷን ብቻ አነጋገርኩ። ከእንግዲህ አልውጥ ካለች ብቻ ደውሉልኝ አልኳት። «አንቺስ እትዬ?» አለች። እኔ ሥራ አለኝ አልኩ።

መጋቢት 14

ቁርስ ላይ ስልኩ አልጮኸም። ምሳ ላይም። ሱሪ እያጠበብኩ አንዴ አንስቼ አየሁት፤ ይሠራል። መስመርም አለ። የራት ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ። አልጮኸም።

በልታለች።