የሱሀይር ወላጅ አይደለህም ላሉኝ ርዕሰ መምህር

ለተከበሩ አቶ ይስሐቅ፣
የሰፈራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፤
ባሉበት።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለቤትዎና ልጆችዎስ ደህና ናቸው? እኔ ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ የምሸጠው ኃይለመለኮት፣ ባለፈው ከቢሮዎ በዘበኛ ተሸኝቼ ከወጣሁ ወዲህ፣ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ስምዎን ለማጉደፍ እንዳይመስልዎ። ጸሐፊዎ ወላጅ ካልሆነ ሰው ማመልከቻ እንደማይቀበሉ በትሕትና ስላስረዳችኝ፣ ምናልባት ጎረቤት፣ ደንበኛ ወይም መንገደኛ አንብቦ ያደርስልኝ ይሆናል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ «የተማሪዎች ደህንነት ድጋፍ ክፍል» ላመሰግንዎ እወዳለሁ። በዓመቱ መጀመሪያ ሪባን ተቆርጦ ሲመረቅ ሱቋ ከሱቄ በአንድ የኮምፖርሳቶ ግድግዳ ብቻ የሚለየው ጎረቤቴ ሀስና እንደ ወላጅ ተጋብዛ ነበር። ካጨበጨበች በኋላ የደረሳትን ብስኩት ለልጇ ለሱሀይር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣችና፣ «ጋሼ፣ አሁንማ ልጆቻችን ሲከፋቸው የሚሄዱበት አገኙ» ብላ አበሰረችኝ። ብዙም ሳትቆይ ታመመች፤ ፈጣሪ ይማራትና፣ አረፈች። የሱሀይር አባት ልጅቷ ገና ሳትድህ የሞተ በመሆኑ፣ ዘመዶቿም ስልጤ ገጠር በመሆናቸው፣ ትምህርቷን እስክትጨርስ እኛ ዘንድ እንድትቆይ ተስማማን። ከዚያ ወዲህ ከልጄ ከሩሀማ ጋር አንድ አልጋ ላይ ታድራለች።

ሁለተኛ፣ ስለ ቁልፉ። ሱሀይር ከሐዘኑ በኋላ ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍሏ ብትመለስም ትምህርቱ አልገባ አላት፤ አስተማሪው እየጻፈ እሷ ሰሌዳው ላይ ፈዛ ትቀራለች፣ ሲብስባት ወጥታ ሽንት ቤት ውስጥ ታለቅሳለች። አንድ ቀን በዚያ ክፍል በር ላይ «ሸክምሽን ብቻሽን አትሸከሚ፤ በራችን ለሁሉም ክፍት ነው» የሚለውን አነበበችና፣ የጻፋችሁትን አምና ገፋችው። ጓጉንቸሩ ከዚሁ ከመርካቶ የተገዛ መሆን አለበት፤ ዕቃው ጠንካራ ነው፣ ፍንክች አላለም። በመስኮቱ አጮልቃ ብታይ የተሰባበሩ ዴስኮችና ለእንግዳ የሚወጡት የፕላስቲክ ወንበሮች ተደራርበው ተቀምጠዋል። እነሱም ደህንነታቸው መጠበቁ ደስ ይላል።

ለክፍሉ የተመደቡት አማካሪ፣ ወይዘሪት ሃና፣ ለካ የጎደለ መምህር ተክተው የዜግነት ትምህርት ያስተምራሉ። በእሳቸው ቅሬታ የለኝም፤ ኮሪደር ላይ አግኝታቸው የልጅቷን እጅ ይዘው አብረዋት የቆሙ እሳቸው ብቻ ናቸው። ነገር ግን እርስዎ ባወጡት መመሪያ መሠረት ማንኛውም ተማሪ የምክር አገልግሎት ለማግኘት ወላጅ ማምጣት እንዳለበት መንገር ግድ ሆነባቸው።

ሦስተኛው እንግዲህ ይኸው መመሪያ ነው። እናቷ ሞታባት የምታለቅስ ልጅ ለምን እንደምታለቅስ ለመናገር መጀመሪያ እናቷን ይዛ እንድትመጣ የሚያዝ ደንብ በሌላ አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። እኔ ስሄድ በር ላይ እውነቱን ተናገርኩ፤ ጎረቤት ነኝ፣ የምትኖረው እኔ ቤት ነው አልኩ። ዘበኛው ሰው አክባሪ ነውና፣ «ጋሼ፣ ጎረቤት ወላጅ አይደለም፤ እኔን እንጀራዬን አያሳጡኝ» ብሎ መለሰኝ። በማግሥቱ ልጅቷ ቀድማኝ «አጎቴ ነው፣ የእናቴ ወንድም» ስትለው በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። እኔም ዝም አልኩ፤ ዛሬም ቢሆን ዝም እል ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ዓይንዎ። ከዚያ ሰፊ ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጠው፣ ከሸሚዜ ኮሌታ ሥር ብቅ ያለችውን የማተቤን ክር ለማየት የፈጀብዎ ጊዜ ትንፋሽ እንኳ አይሞላም። የሀስና ወንድም ማተብ ሊያስር እንደማይችል በሚገባ አስረዱኝ፤ ሌባ የያዘ ሰው እንኳ እንደዚያ ደስ ሲለው አላየሁም። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሰው በሚያስተዳድረው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ አንዲት ልጅ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጣ ከሳምንት ሳምንት ስትመነምን አለመታየቷ ግን ገርሞኛል። ምናልባት ሐዘን አንገት ላይ ስለማይታሰር ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጫውትዎ። «ወላጅ አምጣ» የተባለ የሰፈራችን ጎረምሳ ሁሉ ምን እንደሚያደርግ ከእርስዎ በቀር መርካቶ በሙሉ ያውቃል። ከሰባተኛ መንገድ ላይ አንዱን ሸበቶ ይለምናል፣ ሸበቶውም ኮቱን አራግፎ «አባት» ይሆናል፤ እርስዎ ፊት ጎረምሳውን ይቆጣል፣ ሲያስፈልግም በኩርኩም ይለዋል። ስንቱን እንዲህ ያለ አባት ስለ ልጅ አስተዳደግ መክረው፣ አመስግነውና ጨብጠው እንደሸኙ ቢያውቁ እንቅልፍ ይነሳዎት ነበር። ከእነዚያ ሁሉ መካከል የተያዝኩት ልጅቷን በእርግጥ የማበላት፣ የማሳድርና ስትታመም ሐኪም ቤት የምወስዳት እኔ ብቻ ነኝ። ለዚህ ዕድሌ የማመሰግነው ማንን እንደሆነ አላውቅም።

አምስተኛ፣ ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳው። «ሐሰተኛ ወላጅ በማቅረብ ትምህርት ቤቱን በማታለሏ፣ እውነተኛ ወላጅ እስክታመጣ ድረስ ከትምህርት ገበታ ታግዳለች» የሚለውን፣ ከነሙሉ ስሟ፣ በእረፍት ሰዓት ተማሪው ሁሉ ተሰብስቦ አነበበው። እንዲህ ስሟ ጎልቶ መጻፉን እናቷ ብታይ ምን ትል ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱሀይር ዩኒፎርሟን አጥባ አጣጥፋ አስቀምጣ፣ ሱቄ ውስጥ የነጠላ ጫፍ ትቋጫለች። በዓል ስለደረሰ ገበያው ደርቷል፣ ሴቶቹም እጇን ያደንቁልኛል። እኔ ግን ደስ አላለኝም። እናቷ ይህን ሥራ ቀንም ማታም የሠራችው ልጇ እንዳትሠራው ነበር። ደግሞ አሁን ልጅቷ ማልቀስ አቁማለች፤ ጠላቴም ቢሆኑ ይህንን ከልቤ እነግርዎታለሁ፣ ያስፈራኝ ለቅሶዋ ሳይሆን ይህ ዝምታዋ ነው። ሰሞኑን ባለቤቴን አመተ ሥላሴን፣ ከእናቷ መቃብር አጠገብ ባዶ ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠየቀቻት። ቃሉ ይኸው ብቻ ነበር፤ ጠይቃ ነጠላ ወደ መቋጨቷ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ አመተ ሥላሴ ብቻዋን አትተዋትም፣ እኛም ማታ በር ቆልፈን ቁልፉን ትራሳችን ሥር እናደርጋለን። እኛ ቤት የሚቆለፈው ለዚህ ነው፤ እናንተ ቤት ለምን እንደሚቆለፍ ግን አሁንም አልገባኝም።

እፈራለሁ፣ አቶ ይስሐቅ። ቀልዱ እዚህ ላይ ይቁምና፣ እፈራለሁ።

ስለዚህ የአገር አቀፉ ፈተና ምዝገባ ሳያበቃ ያንን ወረቀት ከሰሌዳው እንዲያነሱልኝ፣ ልጅቷ ወደ ክፍሏ እንድትመለስ እንዲፈቅዱልኝ፣ ለዴስኮቹ ሌላ መጠለያ ፈልገውላቸው ወይዘሪት ሃናን በተማሩበት ሥራ እንዲያስቀምጡልኝ እለምናለሁ። ቅጣት የግድ ከሆነ የዋሸሁት እኔ ነኝና እኔን ይቅጡኝ። ስሜን ሰሌዳው ላይ ይለጥፉት፤ ገበያዬ ከሆነ አይጎዳም።

ለሥራዎ መቃናት፣ ለዓይንዎ ጤንነት፣ ለጓጉንቸሩም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር በትሕትና እጅ እነሳለሁ።

የሱሀይር ወላጅ ያልሆነው አገልጋይዎ፣
ኃይለመለኮት
ከሸማ ተራ

ማስታወሻ፦ እውነተኛዋን ወላጅ ካላነጋገርኩ ካሉ ሀስና ኮልፌ ነው ያለችው፤ ባሻዎ ጊዜ ያገኟታል። ቦታውን አውቀዋለሁ፣ እመራዎታለሁ። ቃሬዛዋን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ፣ አፈሩንም ከወንድሞቿ ጋር ተቀባብለን መለስን። ማተቤ ያን ቀንም አንገቴ ላይ ነበር፤ ምኗ ነህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።