ኮራልህን ያሳመመው

ማክሰኞ ከሰዓት፣ መጋቢት 9

ለምሳሳልህ ልጄ፣

ደህና ነህ ወይ? ብርዱ አሁንም አልለቀቃችሁም? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ አልፎ አልፎ ያመኛል እንጂ ሌላ አልልም። የምጽፍልህ ስለ ኮራልህ፣ ስለዚያ ድንጋይ መሳይ የባሕር ፍጥረትህ ነው። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ አፌ ተያያዘብኝ።

ውጭ አገር ስትሄድ ያንን የጨው ውሃ አኳሪየም፣ የመስታወት የዓሣ ገንዳህን፣ ለእኔ አደራ ትሰጠኛለህ ብዬ ስጠብቅ፣ የቤቱን ቁልፍ ላቦራቶሪ አብራህ ትሠራ ለነበረችው ልጅ ሰጠሃት። እውነቱን ልንገርህ፣ ቅናት አንጀቴን በላው። ሃያ ስምንት ዓመት ያሳደግኩህ እኔ፣ የዓሣህ ሞግዚት እሷ! በየቅዳሜው የገዛ ቤቴን ከፍታ ትገባለች፤ "እማማ፣ እንዴት ዋሉ?" ትላለች፤ ከዚያ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ከአንተ ጋር በስልክ ትሳሳቃለች። እኔ ጋ ሲደርስ "እማ፣ መስመሩ ይቆራረጣል" ትለኛለህ።

ኮራሉ መታመም ሲጀምር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። እንደ ጣት የሚወዛወዙት ነገሮቹ ተሰበሰቡ፤ ከሥሩ ሥጋው እየለቀቀ ነጭ አጥንቱ ታየ። እሷ መብራቱን ዝቅ አደረገች፤ አልተሻለውም። ሙቀቱን ለካች፤ ደህና ነው። ዓሦቹ እየነከሱት ይሆናል ብላ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ዋለች፤ አንዱም ዞር ብሎ አላየውም። መጨረሻ ላይ ጨዉን ለካች። ደግማ ለካች።

"እማማ፣ እኔ በሌለሁበት ውሃ ጨምረውበት ያውቃሉ?"

"እኔ? እኔ ምን አገባኝና!"

ዋሸሁ፣ ልጄ። ውሃው ሲጎድል እሷ ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ ስትሞላበት አይ ነበር። የባሕር ፍጥረት በዚህ ይኖራል እንዴ፣ ይቺ ልጅ አታውቅበትም ብዬ፣ በሳምንቱ መሃል ጎደል ሲል ለአኳሪየሙ ካስቀመጥከው የጨው ባልዲ እየዛቅኩ በጥብጬ እጨምር ነበር። "እማ ናት ያዳነችው" እንድትልልኝ ነው።

ባልዲውን ከፈተችው። የኩሽናዬ ጭልፋ ጨዉ ውስጥ ተሰክቷል። ጭልፋውን አየች፣ እኔን አየች፣ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። "የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ እዚያው ይቀራል። በጨው ውሃ ከተሞላ እየበዛ ይሄዳል" አለች፤ ለራሷ የምታወራ ይመስል፣ ቀስ ብላ።

እኔ ድንች ልልጥ ኩሽና ገባሁ፤ ወዲያው ደወልክ። "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልኬት ተሳስቼ ነው" አለችህ። "አንቺን ብሎ አደራ ጠባቂ!" ብለህ ስትጮህባት ኩሽና ድረስ ተሰማኝ። አንድ ቃል ብተነፍስ ያበቃ ነበር። እኔ ድንች መላጤን ቀጠልኩ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች፤ ይኸው ሁለት ቅዳሜ አለፈ።

ከቁልፉ ሥር፣ ውሃው እንዴት እንደሚስተካከል የጻፈችበት ወረቀት ትታልኝ ነበር። እሱን እያነበብኩ በየቀኑ ከአኳሪየሙ አንድ ጆግ እየቀዳሁ በተጣራ ውሃ እተካለሁ። ግማሹ ሞቷል፤ እሱን አልመልሰውም።

አሁን ደውልላት። ያጠፋችው እናቴ ናት በላት፤ ስለጮህክባትም ይቅርታ ጠይቃት። እኔም ቁልፉን ይዤ ቤቷ ድረስ ሄጄ፣ ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ። ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽህም። ግን ትናንት የተረፈው ግማሽ ጣቶቹን ሲዘረጋ፣ "ነይ፣ ነይ እዪው!" ብዬ ጮህኩ። ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ከክፉ ይጠብቅህ፤ የምትወድህን የማታስከፋ ያድርግህ።

እናትህ