በሽኝቱ ቀን ስለተቆለፈው የክሊኒክ በር

ሰኔ 2002 ዓ.ም.

ለተከበሩ የ«ተስፋ ለቆላ» በጎ ፈቃደኞች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ
ቆቦ

ክቡር ሆይ፣

ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለአዲሲቱ መኪናዎ ፈጣሪ ጤናውን አብዝቶ እንዲሰጥልኝ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ታረቀኝ ካሳው ከሮቢት በታች ባለችው ቀበሌያችን የአንደኛ ደረጃ መምህር ስሆን፣ ማኅበርዎ ከባሕር ማዶ ላመጣልን የጤና አስተማሪ፣ ለሲስተር ኢንግሪድ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተረጎምኩ ሰው ነኝ። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ሲስተር ኢንግሪድ ሰው ናት፤ እሷን አልነካም። በዚያ ሐሩር መንደር ለመንደር በእግሯ እየዞረች፣ ምጥ የያዛት ሴት ቤት ውስጥ እንዳትቆይ፣ የማኅበሩ ክሊኒክ በርም ሁልጊዜ ክፍት እንደሆነ አስተማረች። እሷ በቋንቋዋ ተናገረች፤ በአማርኛ የማልኩት ግን እኔ ነኝ። አባወራዎቹ ነገሩ አልዋጥ ቢላቸው፣ በእኔ ይሁንባችሁ ብዬ ዋስ ሆንኩ። ለዚህ ክብር ስላበቁኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ባለፈው መጋቢት ሲስተርን ቆቦ ላይ ሲሸኙ፣ አዳራሹ ጎደሎ እንዳይመስል የክሊኒኩን ነርስ፣ አዋላጇን፣ ዘበኛውን ሳይቀር በመኪና ጭነው መውሰድዎ የሚደነቅ ነው። ፎቶግራፉ በእውነት ሞልቶ ወጥቷል። በዚያው ቀን ጠዋት ኡሙሰልማ የምትባለውን የቀበሌያችንን ሴት ምጥ ያዛት። ባሏ መህዲ ትምህርታችንን አክብሮ፣ የቅሬውን፣ ማለትም የእድራችንን፣ ጎረምሶች ጠርቶ፣ በቃሬዛ አሸክሞ ሁለት ሰዓት ተጉዞ ደረሰ። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ቆቦ ነው፣ በነርሷ ቦርሳ ውስጥ። ሴቲቱ ደጃፉ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አብረዋት የመጡት ሴቶች ነጠላ ጋርደውላት ስታምጥ ዋለች። እሷስ በአላህ ቸርነት ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን ሳያለቅስ ቀረ። እኔ የት ነበርኩ? አዳራሹ ውስጥ፣ እርስዎ አጠገብ ቆሜ፣ ከእንግዲህ በዚህ ቀበሌ ያለ አዋላጅ የምትወልድ እናት የለችም የሚለውን ንግግርዎን ለፈረንጆቹ እያስተረጎምኩ ነበር። አጨብጭቤያለሁም። እጄን ይቁረጠው!

፫ኛ. መህዲ አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ በወደድኩ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታዬን ሳይመልስ ፊቱን ያዞራል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኸው ነው፤ ፈረሱ ደግሞ እኔ ነኝ። አሁን የጎረቤቴ ልጅ ነጃት ወሯ ገብቷል። የበኩሯ ነው። እግሯ አብጧል፣ ራሷን ይፈልጣታል፣ ዓይኗ ይጭበረበራል፤ ሲስተር በጣቷ እየቆጠረች ያስጠነቀቀችን አደጋ ሁሉ አለባት። ክሊኒክ ሂጂ ብንላት፣ ከተቆለፈ ደጅ የእናቴ ቤት ይሻለኛል ብላ እምቢ አለች። ክቡር ሆይ፣ ልጅቷ ትሞትብናለች ብዬ ፈርቻለሁ። ምን ብዬ ልለምናት? ደግሞ በማን ልማል?

የመጪዋን በጎ ፈቃደኛ አቀባበል በያዝነው ወር መጨረሻ ማሰናዳትዎን ሰምቻለሁ፤ እሰየው። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን አዋላጇ ከነቁልፏ ክሊኒኩ ትቅር። ይህንኑ በወረቀት ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ነገውኑ ይላኩልኝና ለነጃት ራሴ አነብላታለሁ። ቀጠሮ እንዳይሰጡኝ፤ ምጥ ቀጠሮ አያውቅም።

ለሰጡኝ የምስክር ወረቀትና ለነጩ ኮፍያ ደጋግሜ እጅ የምነሳ፣ የቃልዎ ተሸካሚ፣

ታረቀኝ ካሳው

ማስታወሻ፦ የዓመቱን ሪፖርትዎን በአድናቆት አነበብኩ። በማኅበሩ ክሊኒክ ከወለዱት አርባ አንድ እናቶች ስም ዝርዝር ውስጥ ኡሙሰልማም አለችበት። በሩ ውስጥ ይሁን በሩ ውጭ ግን አልተጻፈም።