ለዱዓ ያላነሳሁት እጅ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ማታ 1 ሰዓት

ጉልበቴ ዛሬም ያመኛል። ምስር ወጥ አሞቅሁ፣ ግማሹን ተውኩት። ለአንድ ሰው መጥኖ ማብሰል እስከ ዛሬ አልተማርኩም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ድስቱ ሁሌ ይተርፈዋል።

አንተ ደብተር፣ ዛሬ ሽምግልና ነበረን። ጀጎል ውስጥ፣ እናታቸው የሞቱባቸው ሦስት ልጆች ቤት። ሽማግሌዎቹ እኔ፣ አው ዩሱፍና የሶፊ መንደሩ ሼህ። ሁለቱ ወንድሞች በውርሱ ቤት ተጣልተው አይነጋገሩም ነበር። ታረቁ። ቤቱን ለሁለት ሊካፈሉ ተስማሙ። እናቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እህታቸው ኸዲጃ አንዴ አንዱ ጋ፣ አንዴ ሌላው ጋ ትኑር ተባለ። እሷ ጓዳ ሆና ነው የምትሰማው። እንቢ አለች። አው ዩሱፍ ተነሳ፤ እኛም ተነሳን። "ለእኛ ብለሽ፣ ልጄ" አላት። እዚህ አገር ሽማግሌ ቆሞ እንቢ የሚል የለም። እሺ አለች፤ ድምጿ በግድ ነው የተሰማው።

ከዚያ ዱዓ። የሦስታችንም እጅ ካልተነሳ እርቁ አልተዘጋም፤ ደንባችን ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ። ዱዓው የእነሱ፣ አሜኑ የሁላችን ሆኖ ኖረናል። ዛሬ እጄ ከጉልበቴ አልተነሳም። ለምን ብትለኝ በደንብ አላውቀውም። እርቁ ሳይዘጋ ተበተንን።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ዩሱፍ አልመጣም። (ለሰው አው ዩሱፍ፣ ለእኔ ዩሱፍ።) በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ መጥቶ በሬን በከዘራው ይመታል፤ የበር ደወል እያለ። ቀለሙን ላጥክብኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ። ዛሬ ጫማዬን አድርጌ ጠበቅሁት። መሸ። ጫማዬን አወለቅሁ።

ብሽቅ ሽማግሌ። እኔን ማለቴ ነው።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ጊደር መጋላ ገበያ ሄድኩ። የምገዛው ነገር ኖሮኝ አይደለም። የኸዲጃ ታላቅ ወንድም አይቶኝ ፊቱን አዞረ። ሻይ ቤቱ ውስጥም ሰላምታው ቀዝቀዝ ብሏል። እርቅ አፍራሽ ተብያለሁ ለካ።

ኸዲጃ ቅመሟን ዘርግታ ተቀምጣለች። ስታየኝ ደነገጠች። በእኔ የተነሳ ከሰው አይጣሉ ጋሽ ተሰማ፣ እጅዎን ያንሱ ብላ ለመነችኝ። አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ አልኳት። ቅርንፉድ ሰፈረች፣ መልሳ አፈሰሰችው። ይህን የጠየቃት ሰው የለም። ከዚያ ቀስ ብላ፦

"ወንድሞቼ ሸሪዓው የሰጠኝን ድርሻ ይስጡኝ። ይቅርታውን ከዚያ በኋላ ይጠይቁኝ።"

ያን ሁሉ ሰዓት ስንሸመግል አንዳችንም አልጠየቅናትም። አፈርኩ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ከዘራው። 10 ሰዓት አለፍ ሲል። በሩ ጋ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ጉልበቴንም ረሳሁት።

ገባ፣ ተቀመጠ። ስለ ስኳር በሽታው ነገረኝ፣ ተሳሳቅን። ሐኪም ጋራ ላይ ደመና ነበር፣ ይዘንባል አይዘንብም ተከራከርን። ክርክሩ ናፍቆኝ ነበር። የኸዲጃን ቃል ነገርኩት። እውነቷን ነው አለ። ግን ወንዶቹ እንደገና ከተነካኩ ደም ይፈሳል ብሎ ይፈራል። መጀመሪያ ሰላሙ ይሁን፣ የእሷን ነገር ቀስ ብለን እናየዋለን አለኝ። ሞኝነት አይደለም፤ ባለፈው ሁለቱ ጩቤ ሲማዘዙ መሀል የገባው እሱ ነው።

ሲወጣ ደጃፉ ላይ ቆመ። ትከሻዬን ያዘ።

"ነገ እንጨርሰው። ለእኔ ብለህ፣ ተሰማ።"

እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሳል መጣልኝ፣ እግዜር ይስጠው።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ፣ ጧት

ለእኛ ብለሽ። ለእኔ ብለህ። ያንኑ ነው ያለኝ። እኔ ወንዱ፣ ጡረተኛው፣ የገዛ በር ያለኝ ሰውዬ፣ አንድ ወዳጅ እንዳላጣ ብዬ እሺ ልል ምንም አልቀረኝም። እሷ ሦስት ሽማግሌ ቆሞባት ምን ታድርግ?

ሸሚዜን ተኩሻለሁ። እሄዳለሁ። ኸዲጃ ከጓዳ ወጥታ ከወንድሞቿ እኩል መደቡ ላይ ትቀመጥ እላለሁ። የምትፈልገውን በራሷ አፍ ሳትናገር፣ እነሱም ድርሻሽ ነው ሳይሏት፣ እጄ አይነሳም። ጩቤውም ካለ እኔና ዩሱፍ መሀል እንቀመጣለን።

ይቀየመኛል። ምናልባት አይመለስም። 

ጫማዬን አድርጌያለሁ። ዛሬ በሩን ቀለም ላስቀባ ነበር፣ ቀለሙም ተገዝቷል። ተውኩት። የከዘራው ምልክት ይቆይልኝ።