የጊታርህን ጩኸት ፍለጋ

ፍሮምሳዬ፣

አንተን አፈር ካለበስንህ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛው ገብቷል። ዛሬም አምቦ ከጠዋት ጀምሮ እየዘነበ ነው። «ጊዜ ያስረሳል» ብለውኝ ነበር። ውሸታቸውን ነው።

ቤቱን አልለቀቅኩም። እህቶቼ ወደ ትውልድ ከተማችን አዲስ ዓለም ተመለሺ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን በሰው ግቢ ምን ትሠራለች አሉኝ። እኖራለሁ አልኳቸው። ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ማስተማሬንም ቀጥያለሁ። አከራያችን ኦቦ ደበላ የግቢውን በር አረንጓዴ ቀቡት። አንተ ስትጫወት «ቀንሰው!» እያሉ በከዘራ የሚደበድቡት ግድግዳ ግን አልተቀባም፤ ጠባሳው እንዳለ ነው። ጥቁሩ ጃኬትህ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። አንዳንዴ ለብሼው ገበያ እወጣለሁ። ሰው ዞሮ ያየኛል። ይየኝ።

ከቤታችን የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልህም ስለሱ ነው። ፔዳላችን የለም።

በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት እንዴት እንደሠራነው ታስታውሳለህ? በእግር ሲረገጥ የጊታር ድምፅ የሚያሻክር የፋብሪካ ዲስቶርሽን ፔዳል አምቦ ላይ ከየት ይመጣል? አንተ ደግሞ በስልክህ የሄቪ ሜታል ጊታር እየሰማህ «ይህን ጩኸት ሳላወጣ አልሞትም» ትል ነበር። እኔ ሰርኪዩቱን ሣልኩ። አንተ ጊንጪ ገበያ ሄደህ የተበላሹ አሮጌ ራዲዮዎች ለቅመህ መጣህ። ትራንዚስተሮቻቸውን ፈትቼ አወጣሁ፤ የጊታሩ ድምፅ ሲያልፍ ጫፍ ጫፉ እየተቆረጠ እንዲሻክር ዳዮድ ጨምሬ በየድኩት። ሁሉን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትነው። ስትረግጠው ጊታርህ ጭነት የከበደው መኪና ዳገት ላይ እንደሚያጓራ አጓራ። ገመዱን ስትመታ ድምፁ መጀመሪያ ትንሽ ይታፈናል፤ ከዚያ ትንፋሽ እንደሚስብ ሰው ቀስ እያለ ያብጣል። ያ መታፈን፣ ያ ማበጥ፣ የማንም ያልሆነ ያንተ ነበር።

ጩኸቱን አውጥተኸው ሞትክ። ጉበትህ ነው አሉን፤ እስኪገባን እንኳ ጊዜ አልሰጠንም።

እኔ ለቅሶ ላይ በፍራሽ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አብሮህ ሲጫወት የኖረው ታምራት ወደ ጓዳ ገብቶ ፔዳሉን ይዞ ወጣ። ለማስታወሻ ነው አለ። ሀዘንተኛ በተሞላ ቤት ማን ይጣላል? ወሩ ሳይሞላ ግን አዲስ አበባ ራዲዮ ላይ ቀርቦ ያን ድምፅ እንዴት አገኘኸው ሲሉት «ፔዳሉን በገዛ እጄ ነው የሠራሁት» ሲል ሰማሁት። ደወልኩለት። ሳቀ። «እህቴ፣ ሀዘን ነው የሚያናግርሽ። ደግሞ አንቺና ጊታር ምን አገናኛችሁ?» አለኝና ዘጋው።

እዚያው ላይ ማልኩ። ያንኑ ፔዳል ደግሜ እሠራለሁ፤ ድምፅህን ከሌባ እጅ አወጣለሁ አልኩ። ሰርኪዩቱ በጭንቅላቴ ውስጥ ነው። ትራንዚስተሮቹን ከዚያው ገበያ፣ ከዚያው ዓይነት ራዲዮ አወጣሁ። በጊታርህ ያስተማርከኝን ያችን አንዲት ምት መታሁ። ጮኸ፤ ግን ያንተ አልነበረም። ሹል ነው፣ ደረቅ ነው፣ ትንፋሽ የለውም። በስልኬ ላይ የቀረውን ድምፅህን ከፍቼ አወዳደርኩ። ዳዮዶቹን ቀየርኩ። ትራንዚስተሮቹን አቀያየርኩ። አፍርሼ ደግሜ በየድኩ። የተማሪን ስህተት በአንድ እይታ የማገኝ ሰው የራሴን ማግኘት አቃተኝ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ታምራት ሀዘን ነው የሚያናግርሽ ያለኝ እውነቱን ይሆን እንዴ ብዬ ማሰብ መጀመሬ ነው።

ባለፈው በጋ እናትህን ልጠይቅ ወደ ትውልድ ከተማህ ጎጆ ወጣሁ። መንገዱ ያው ነው፤ አጥንት ይሰብራል። እናትህ አዴ ጫልቱ ስብከት የሚሰሙበት ትልቁ ራዲዮ አሁንም አለ። የራዲዮውን ስድስት የባትሪ ድንጋዮች አውጥተው ደጃፍ ባለው ጠፍጣፋ ዓለት ላይ ፀሐይ ያሞቋቸው ነበር፤ እንደ አገሩ ሰው፣ የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ሲነካው ትንሽ ነፍስ ይዘራል ብለው። አዘንኩላቸውና ከሱቅ አዲስ ገዝቼ መጣሁ።

ሲቀበሉኝ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እንደ ልጄ ነሽ። እሱም በመጣ ቁጥር አዲስ ያመጣልኝ ነበር። የደከመውን ደግሞ አንድም ሳያስቀር ለቅሞ ይዞ ይሄዳል። እማ፣ ይሄ ላንቺ አይሆንም ይለኛል» አሉኝ።

ፍሮምሳ፣ ያኔ ገባኝ።

ለፔዳሉ ድንጋይ የምትጠቀመው መብራት ስለሚጠፋ ይመስለኝ ነበር። በእንጨት ሳጥን ከጠረጴዛው ሥር የምታስቀምጠውን ዞር ብዬ አይቼ አላውቅም። እኔ ደግሞ አዲሱን ፔዳል ከግድግዳ መብራት ጋር አገናኝቼ፣ ሙሉ ኃይል እየሰጠሁ ነበር የምታገለው። ለካ ድምፅህ የሚያብጠው ኃይል ስላነሰው ነው! ሲመታ የሚታፈነው፣ እየጣረ የሚተነፍሰው፣ ድንጋዩ ሊሞት ስለቀረበ ነው።

አሮጌዎቹን ስጡኝ ስላቸው እናትህ ገርሟቸው «አንቺም?» አሉኝ። አልነገርኳቸውም። ልጃቸው ለራሱ ጩኸት ሲል ነበር የሚለቅመው ብዬ እንዴት ልንገራቸው? ደግሞስ ማን ያውቃል፤ አዲሱን ያመጣህላቸው ስለምትወዳቸው አይደለም የሚል ካለ ወደ እኔ ይምጣ።

አምቦ እንደደረስኩ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ገጠምኳቸው። ምቷን መታሁ። ታፈነ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ አበጠ። ጊታሩን እንዳቀፍኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የኦቦ ደበላ ከዘራ ግድግዳውን አልመታም። በሩ ጋ መጥተው ቆመው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «እሱ የመጣ መስሎኝ ነው» አሉ። ቀንሺው ሳይሉኝ ሄዱ።

አሁን ልጣላህ እፈልጋለሁ፤ የት ላግኝህ? ለምን አልነገርከኝም? «ይሄ ሁሉ የኔ ሰርኪዩት ነው» ብዬ ስኩራራ «አዎ ኢንጅነር» እያልክ ትስቅ ነበር። ደስታዬን ላለመንካት ከሆነ፣ አጠፋህ። ግማሹ ያንተ መሆኑን ባውቅ ይበልጥ እኮራ ነበር።

ታምራት ቆርቆሮውን እንደያዘ ነው። በቅርቡ ሲጫወት አየሁት፤ ድንጋዩ አልቆበት ከግድግዳ መብራት ላይ ሰክቶታል። ድምፁ ሹልና ደረቅ ነው፤ የስፒከሩ ጥፋት ነው ይላል አሉ። መጀመሪያ ምስጢሩን ይዤ ዝም ልል ነበር። ግን ድምፅህን ቆልፌ ከያዝኩ ከሱ በምን እሻላለሁ? ስለዚህ ይኸው ሁሉን ጻፍኩት። አሮጌ ራዲዮ ያለው ሁሉ ይሥራው። ታምራትም ያንብብና የደከመ ድንጋይ ይለምን። የሠራው ሁሉ ግን እጁ የአስቴር፣ ጆሮው የጎጆው ልጅ የፍሮምሳ እንደነበር አውቆ ይሥራው።

እኔ አልረሳህም። ቃል መግባት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፤ ግን ሰው ይስማኝ ብዬ ነው። የደከመ ድንጋይ ብዙ አይቆይም። ጥቂት ቀን ያጓራል፣ ከዚያ ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ በመካከል ዝም ይላል። ዝም ባለ ቁጥር እንደገና የምትሞትብኝ ይመስለኛል፤ አለቅሳለሁ። ከዚያ ፊቴን እታጠብና አዲስ ድንጋይ ገዝቼ ወደ እናትህ እሄዳለሁ።

ሚስትህ፣ አስቴር