አልጋ ስር የከተትኩት ዋንጫ

ጎባ፣ ኅዳር 1979

ጥላዬ ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል?

ውድድሩን አሸንፌያለሁ፤ ዋንጫውን ግን አልጋ ስር ከትቼዋለሁ። ትናንት ሳነቴ አምባ ወጥተን ቁልቁል ወደ ጎባ ስንመለስ፣ ገብስ ሲያጭዱ የነበሩ አንዲት እናት ወደ እሳቸው ስሮጥ አይተው ማጭዳቸውን ጣሉ። እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው፣ «ያ ረቢ፣ ልጄ ነው?» አሉኝ። ልጃቸው ሰሜን ዘምቷል። እኛ ሰፈር ስሮጥ የሚከተለኝ ውሻ ብቻ ነው፤ እዚህ ግን እንዲህ የሚሮጥ ሰው መርዶ ነጋሪ ነው።

የአገሩ ልጅ ሯጩ ማሜ እግር በእግር ይከተለኝ ስለነበር መልስ ሳልሰጣቸው አለፍኩ። እሱ ግን ቆመ። እሱ አቅፎ በቋንቋቸው ሲያረጋጋቸው፣ ለእኔ ጎባ ላይ ይጨበጨብልኝ ነበር። ሲደርስ እጄን ጨብጦ «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ። የቆመበትን ምክንያት የሰማሁት ከሌሎቹ ሯጮች ነው። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላ። እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ወንድምህ ሳህሉ ከግንባር ጻፈላቸው? ስመለስ፣ የቱንም ያህል ብትናፍቁኝ፣ እናንተ ግቢ ቀስ ብዬ በእርምጃ ነው የምገባው።

መሸሻ